መስክ ላይ ያገኘናት ባለ ቀይና ጥቁር ነጥብ ማን ናት?

የነፍሳት ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ከልጄ ጋር ረፋዱ ላይ ረጅም ሣር በበዛበት መስክ ስንጓዝ ከእግራችን ሥር አንዲት ትንሽ ፍጥረት ብር ብላ ተነሳች። ስትበር ነጭ ነበረች። ጥቂት ሜትር ሄዳ ሣር ላይ ስታርፍ ግን ሌላ ሆና አገኘናት፤ ክንፏን ሰውነቷ ላይ ጠቅልላ ቀጠን ብላ ተቀመጠች፣ ላይዋ በሙሉ ቀይና ጥቁር ነጥብ ነው። ቀረብ ስንል እንደገና ተነስታ ሣሩ ውስጥ ገባች። በስልኬ አንድ ፎቶ ብቻ አንስቻለሁ፣ ይኸው ልኬዋለሁ፤ ጥራቱ ያን ያህል አይደለም። ትንሽ ቆይተን መሰሏን ሌላ አገኘንና ልጄ በጣቷ ነካቻት፤ ጣቷ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀረ። ልጄ «ቢራቢሮ ናት» ትላለች። እኔ የእሳት እራት መሰለችኝ፣ ግን የእሳት እራት በጠራራ ፀሐይ ምን ትሠራለች? ጎረቤቴ ደግሞ ፎቶውን አይቶ «ተምች የምትፈለፍለው እሷ ናት፣ ስታያት ግደላት» አለኝ። እውነት ነው? ስሟስ ማን ነው? ልጄን የሚጎዳ ነገር ይኖራት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ፎቶው ጥራት የለውም ቢሉኝም ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ ከፎቶው በላይ የነገረኝ ግን ደብዳቤዎ ነው። ስትበር ነጭ መሆኗን፣ ሩቅ ሳትሄድ መልሳ ማረፏን፣ ስታርፍ ክንፏን ሰውነቷ ላይ መጠቅለሏን ጽፈውልኛል። ማንነቷ ያልታወቀ የእሳት እራት ሲላክልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ቀለሟ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ግን ቀለሟን ብቻ ጽፎ ይልክልኛል፣ በቀለም ብቻ ደግሞ አንዷን ከሌላዋ ለይቶ ስም መስጠት ከባድ ነው።

እንግዲህ ስሟን ልንገርዎት። ዩቴቴይሳ ከሚባለው ወገን ናት፤ ዝርያዋም ዩቴቴይሳ ፑልኬላ ሳትሆን አትቀርም። ፑልኬላ የሚለውን ስም የሰጣት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1758። ወገኗን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ዝርያዋን ግን «ሳትሆን አትቀርም» ብዬ የማልፍበት ምክንያት አለኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፎቶዎን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ስመለከተው የፊት ክንፏ መደቡ ነጭ ነው። ጥቁሮቹ ነጥቦች ትንንሽ ናቸው። ቀዮቹ ግን ተለቅ ያሉ፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ፣ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ሊነካኩ ምንም ያልቀራቸው ናቸው፤ በጥቁሮቹ መካከል መካከል ገብተው ተቀምጠዋል። ነጥቡ ደግሞ ክንፏ ላይ አያበቃም፣ ደረቷም ላይ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያየውም፣ ዓይን ክንፉ ላይ ይቀራልና። አንቴናዋ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ላይ የሚያብጥ ነገር የለውም። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ ያረፈችበት የሣር ቅጠል ስፋትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ስትበር ነጭ፣ ስታርፍ ሌላ ሆና የታየችዎት የኋላ ክንፏ ከፊት ክንፏ ፈጽሞ ስለሚለይ ነው። የኋላው ክንፍ ነጭ ነው፤ ጠርዙን ተከትሎ ወጣ ገባ ያለ ጥቁር መስመር ይዞራል፣ መሐሉ ላይም ትንሽ ጥቁር ምልክት አለ። ቀይ ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። ስትነሳ ይገለጣል፣ ስታርፍ በፊት ክንፏ ሥር ይገባል። የርስዎም ዓይን ነጭ ነገር እየተከተለ ሄዶ ነጭ ነገር ሲፈልግ ነበር። የእሳት እራትን ለመለየት ከፈለጋችሁ የኋላ ክንፏን ለማየት ድከሙ የምለው ለዚህ ነው። ስትቀመጥ የተደበቀው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሚታየው ይልቅ ይናገራል።

ልጅዎ ቢራቢሮ ናት ማለቷ አያስወቅሳትም። ቢራቢሮና የእሳት እራት የአንድ ክፍለ መደብ ልጆች ናቸው። በሳይንስ ተመዝግበው የሚታወቁት የእሳት እራት ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ፤ የቢራቢሮ ዝርያዎች ግን ወደ 18,000 ገደማ ናቸው። ማለት ቢራቢሮ ከብዙዎቹ የእሳት እራቶች መካከል የወጣ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በቀን መብረርም ሆነ በቀለም ማማር መለያ አይሆንም፤ በቀን የሚበሩ ባለ ደማቅ ቀለም የእሳት እራቶች እልፍ ናቸው። እኔ በመጀመሪያ አንቴናውን አያለሁ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ያብጣል፣ የእሳት እራት አንቴና ወይ ክር ይመስላል ወይ ግራና ቀኝ ጠጉር ያበቅላል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ አሉ፤ ቢሆንም ከሌላው ሁሉ የተሻለ መነሻ እሱ ነው። ቀጥሎ አቀማመጧን አያለሁ። ቢራቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቿን ጀርባዋ ላይ አቁማ ትገጥማለች ወይም ዘርግታ ትሞቃለች፤ የርስዎዋ ግን ጠቅልላ ተቀመጠች። የኔም የርስዎም ግምት እዚህ ላይ ይገናኛል፣ የእሳት እራት ናት።

በቀን ምን ትሠራለች ላሉት፣ የዚህ ወገን ልጆች በቀንም በማታም ይንቀሳቀሳሉ። ማታ መብራት ላይ ይመጣሉ፣ ቀን ደግሞ ሣር ውስጥ ተቀምጠው የሰው ወይም የከብት እግር ሲቀርባቸው ብር ብለው ይነሳሉ። በረራቸው ዝቅተኛና አጭር ነው። እንዲያውም መስክ ላይ በብዛት የምናያቸው በዚህ መንገድ ነው፣ ራሳችን ቀስቅሰናቸው።

ከማን ጋር ልትምታታ ትችላለች? በአውሮፓና በአካባቢው መስኮች ላይ በቀን የሚበሩ ዛይጊና የሚባሉ የእሳት እራቶች አሉ፤ እነሱም ቀይ ነጥብ አላቸው፣ ነገር ግን መደባቸው ብረት የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ የኋላ ክንፋቸውም ቀይ ነው። አንቴናቸውም ወደ ጫፉ ይወፍራል፣ ከላይ «ከሕጉ የሚያፈነግጡ» ያልኩት እነዚህንም ይጨምራል። ሲናባር የምትባለውም ጥቁር ግራጫ መደብ ላይ ቀይ መስመርና ሁለት ቀይ ነጥብ አላት። ነጭ መደብ ላይ ቀይና ጥቁር ጠቃጠቆ ካዩ ግን ከእነዚህ ሁሉ ወጥተዋል።

አሁን ወደ «ሳትሆን አትቀርም» ልመለስ። ደብዳቤዎ ላይ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፦ መስኩ የት አገር እንደሆነ አልጻፉልኝም። ዩቴቴይሳ ፑልኬላ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በምዕራብ እስያ የምትገኝ ናት፤ ረጅም ርቀት ትሰደዳለች፣ አንዳንዴም ነፋስና ሙቀት ሲመቻት እስከ ሰሜን አውሮፓ ትዘልቃለች። ወደ ምሥራቅ በሄዱ ቁጥር ግን ዩቴቴይሳ ፑልኬሎይዴስ የምትባል እህቷ ትመጣለች። ዩቴቴይሳ ሎትሪክስ የምትባልም አለች፣ እሷ አፍሪካም እስያም አውስትራሊያም አለች። ሦስቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡልዎት በዓይን መለየቱ ባለሙያንም ያስቸግራል። ቁርጡ የሚታወቀው የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው፣ ወይም ዘረመላቸው ተመርምሮ። በአሜሪካ ምድር ያለችው ዩቴቴይሳ ኦርናትሪክስ ደግሞ ለብቻዋ ናት፤ የኋላ ክንፏ ሮዝ ነው፣ የፊቱም ብጫ ወይም ብርቱካንማ መደብ ላይ ነጭ ረድፍና ጥቁር ነጥብ ያለው ነው። የርስዎዋ የኋላ ክንፍ ነጭ ስለነበር ኦርናትሪክስ አይደለችም። ከቀሩት መካከል ፑልኬላ ያልኩት የቀዮቹን ነጥቦች ትልቅነት አይቼ ነው፣ አገሩን ሲጽፉልኝ ግምቴ ይጠነክራል ወይም ይለወጣል። ከአንድ ፎቶ ብቻ ተነስቶ የዝርያ ስም በድፍረት የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ፤ ወገኗ ላይ ማቆም ሐቀኛ መልስ ነው።

በጣም ያስደሰተኝን ነገር አሁን ልንገርዎት። ከፎቶው ቀኝ ጥግ፣ ከእሷ በስተጀርባ፣ አንድ ተክል ገብቷል። እርስዎ አላዩትም ይሆናል፣ እሷን ለማንሳት ሲጣደፉ በአጋጣሚ የገባ ነው። ትንንሽ ነጭ አበቦች በአንድ ወገን ብቻ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የአበባው አገዳ ጫፍ እንደ ጊንጥ ጅራት ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ገና ያልፈኩት እንቡጦች ጥቅሉ ውስጥ ናቸው። ይህ ሄሊዮትሮፒየም የሚባለው ተክል ነው። የዩቴቴይሳ አባጨጓሬዎች ከሚወዷቸው ምግቦች አንዱ እሱ ነው። ሌላው ክሮታላሪያ ነው፤ ፍሬው ሲደርቅ በውስጡ ያለው ዘር የሚንኳኳ ተክል፣ ልጆች እንደ መጫወቻ የሚያንኳኩት። የእሳት እራቷ እንዲያው በአጋጣሚ መስክዎ ላይ አላረፈችም፤ እንቁላሏን የምትጥልበት ተክል እዚያ ስላለ ነው።

ስለዚህ መስኩን ደግመው ሲጎበኙ ቀጥ ብለው ወደዚያ ተክል ይሂዱ። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፣ አበባውንም ይመልከቱ። ግራጫ ሰውነት ያለው፣ ጀርባው ላይ ከራስ እስከ ጅራት ነጭ መስመር የወረደበት፣ በየመገጣጠሚያው ብርቱካንማ ቀለም ያቋረጠው፣ ጠጉራም አባጨጓሬ ካገኙ ልጇን አገኙ ማለት ነው። ለኔ ይህ ከስሟ የበለጠ ትልቅ ግኝት ነው። ክንፏን ያየ ሰው ዛሬ እዚህ እንደነበረች ያውቃል፤ አባጨጓሬዋን ከነምግቧ ያየ ሰው ግን በዚህ መስክ ላይ እንደምትኖርና እንደምትራባ ያውቃል።

መርዝ አላት ወይ? አዎ፣ አላት፤ ልጅዎ ግን ምንም አትሆንም። ነክታ እጇን ከታጠበች ነገሩ አልቋል። መርዙ የሚጎዳው የሚበላትን ነው። የተጠቀሱት ተክሎች ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መራራ ኬሚካል ያዘጋጃሉ፤ ብዙ የበሉ ከብቶችና ፈረሶች ጉበታቸው ይጎዳል። አባጨጓሬዋ ግን ትበላዋለች፣ ሰውነቷ ውስጥም ታከማቸዋለች፤ ክንፍ አውጥታ ስትበርም መርዙ አብሯት ይወጣል። ቀይና ጥቁሩ ነጥብ ለወፍ «ቅመሰኝና ታያለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህንን በደንብ ያጠኑት በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቶማስ አይስነርና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ያጠኑት ኦርናትሪክስን ነው። ድሩ ትልቅና ወርቅማ የሆነ ሸረሪት አለ። ኦርናትሪክስ ድሩ ውስጥ ስትወድቅ ሸረሪቷ ትሮጥና ትደርሳለች፣ ትነካታለች፣ ከዚያ አትነክሳትም። የያዟትን ክሮች አንድ በአንድ ትቆርጥና ትለቃታለች። የእሳት እራቷም ብድግ ብላ ትበራለች። አልካሎይድ በሌለው ምግብ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉት ግን ተበሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ሸረሪት ክር ሲቆርጥ ይታየኛል፤ የራሱን ድር ቀዳዶ የያዘውን ሲሳይ የሚለቅ አዳኝ ሌላ የት አለ?

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወንዱ ሲገናኛት ከዘሩ ጋር አልካሎይድ ይሰጣታል። እሷም የራሷንና የእሱን አዋህዳ ወደ እንቁላሎቿ ታስተላልፋለች፤ እንቁላል የሚበሉ ጥንዚዛዎች ይህን ሲቀምሱ ይተዉታል። ወንዱ የሚረጨው ሽታ ራሱ ከዚሁ አልካሎይድ የተሠራ በመሆኑ፣ ሽታውን አይታ ምን ያህል እንደያዘ ታውቃለች። እናትም አባትም ለልጆቻቸው መርዝ ያወርሳሉ፣ ልጆቹም በሱ ይተርፋሉ። ያቺ ትንሽ ባለ ነጥብ ነገር ይህን ሁሉ ይዛ ነው ከእግርዎ ሥር ብር ያለችው።

ጎረቤትዎ የተሳሳቱት እንዴት እንደሆነ ይገባኛል። የተምች እናትም የእሳት እራት ናት፣ የኋላ ክንፏም ነጭ ነው፤ ስትበር ብቻ ካያት ሰው ሊምታታበት ይችላል። ግን ስታርፍ ትለያለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ መታየቱ የተዘገበው፣ ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች የአባቱ የፊት ክንፍ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ወደ ክንፉ ጫፍ ገደማ ነጣ ያለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበት ነው፤ እናቱ ደግሞ ከዚያም የደበዘዘች ናት። ቀይ ነጥብ የሚባል አታገኙባትም። ትሉን ከያዛችሁ ደግሞ ጭራሽ አትሳሳቱም፦ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የ«ዋይ» ፊደል ምልክት፣ ከጭራው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። የዩቴቴይሳ አባጨጓሬ ግን በዋነኛነት የምትመገበው እነዚያን መርዛማ ተክሎች ነው። ስለዚህ «ስታያት ግደላት» የሚለውን ምክር እባክዎ አይቀበሉት። ጎረቤትዎንም ፎቶውን ይዘው ያሳዩአቸው፣ ሰብላቸውን የሚጠብቁ ሰው ጠላታቸውን በደንብ ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ጣቷ ላይ የቀረው ዱቄት ቅርፊት ነው። የእሳት እራትና የቢራቢሮ ክንፍ ራሱ ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ነው፤ ቀለሙ ሁሉ ያለው በላዩ በተደረደሩ እጅግ ትንንሽ ጠፍጣፋ ቅርፊቶች ላይ ነው። አንገቴ ላይ ሁልጊዜ የማንጠለጥለው 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር አለ፤ በሱ የቀዩን ነጥብ ጠርዝ ሲያዩት ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ቀይ ቅርፊቶች ያበቃሉ፣ ነጮቹ ይጀምራሉ፣ አንዳንዱ ቀይ ብቻውን ነጩ መሐል ገብቶ ይቀራል። አንዱ ቅርፊት የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይሄዳል። የረገፈው ተመልሶ አይበቅልም፣ ግን ጥቂት ቅርፊት ማጣት አይገድላትም። እንዲያውም ድር ላይ የሚጣበቀው እሱ ስለሆነ፣ የእሳት እራቶች ቅርፊታቸውን ለድሩ ጥለው ሾልከው ያመልጣሉ። ልጅዎ ስላዘነች ከሆነ ይህን ይንገሯት። ደግማ ስትነካ ግን በክንፏ አትያዛት፤ ጣቷን ከፊት ለፊቷ ታስቀምጥላትና ራሷ ትውጣ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ልምከርዎ። ስትነሳ አይሩጡ፣ ያረፈችበትን ቦታ በዓይንዎ ይያዙና ቀስ ብለው ይጠጉ፤ ጥላዎ እንዳያርፍባት ፀሐይን ከፊትዎ ወይም ከጎንዎ ያድርጉ። የመጀመሪያውን ፎቶ ከሩቅም ቢሆን ያንሱ፣ ከዚያ እየቀረቡ ይቀጥሉ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከራሷ በኩል፤ ቢቻል ስትነሳ የኋላ ክንፏን በቪዲዮ ያስቀሩ፣ ከቪዲዮው አንዱን ምስል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ያረፈችበትንና በዙሪያው ያለውን ተክል ለብቻው ያንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ይጻፉ። አይናቹራሊስት የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ቦታውን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ፤ ግምቱን የሚሰጠው ፎቶውንና ቦታውን አገናዝቦ ነው። እዚያ የሚመጣው የመጀመሪያ ስም የኮምፒውተር ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ሌሎች ሰዎች አይተው እስኪስማሙበት ይጠብቁ።

የግድ ቀረብ ብለው ማየት ከፈለጉ በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ይያዟት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆይዋት። ቅዝቃዜው ያረጋጋታል፣ ጠርሙሱን እያዞሩ ከሥሯም ከላይዋም ያዩዋታል። ከዚያ ያገኙበት መስክ፣ ጥላ ያለበት ሣር ላይ ይልቀቋት።

ጥያቄ፦ አበባ ላይ ሳታርፍ አየር ላይ ቆማ የምትጠጣ፣ ረጅም ምንቃር ያላት በጣም ትንሽ ወፍ አየሁ። የትኛዋ ወፍ ናት?

መልስ፦ ራሷ ላይ ሁለት አንቴና ነበራት? ካለ ወፍ አይደለችም፤ አንቴና ያለው ወፍ በዓለም የለም። ማክሮግሎሰም ከሚባለው ወገን የሆነች በቀን የምትበር የእሳት እራት ሳትሆን አትቀርም። ማክሮግሎሰም ስቴላታረም ከፖርቱጋል እስከ ጃፓን ትገኛለች፣ አፍሪካ ውስጥም ማክሮግሎሰም ትሮኪለስ የምትባል እህት አለቻት። እንዲህ አየር ላይ ቆመው የሚጠጡት እውነተኞቹ ሐሚንግበርድ ወፎች የሚኖሩት በአሜሪካ ምድር ብቻ ነው።

ምንቃር የመሰለዎት ምላሷ ነው፤ ከሰውነቷ ርዝመት ብዙም የማያንስ ቱቦ ሲሆን ስትጨርስ ጠቅልላ ከአገጯ ሥር ታስገባዋለች። ወፍ ምንቃሯን አትጠቀልልም፣ እሱንም ይጠብቁ። የኋላ ክንፏ ብርቱካንማ ነው፣ ግን ክንፏ በጣም ስለሚፈጥን ከጭጋግ በስተቀር አያዩም። የምትጎበኘውን አበባ ካወቁ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ይጠብቋት። ወደ ወደደችው አበባ ደጋግማ የመመለስ ልማድ አላት፤ በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት ገደማ ልታገኟት ትችላላችሁ። መስኮት ገብታ መስታወት ላይ ስትጋጭ ካገኟት መብራቱን አጥፍተው መስኮቱን ይክፈቱላት፣ በክንፏ አይያዟት።